ሦስተኛው ፕሮፕ፦ የሲድኒ ወጣት ራግቢ ቡድኖች ስብስባቸውን እንዴት ያደራጃሉ

በራግቢ ዩኒየን አንድ ቡድን 15 ተጫዋች ያሰልፋል። ከ1 እስከ 8 ቁጥር የለበሱት ለግፊያና ለኳስ ንጥቂያ የቆሙ ፊተኞች ናቸው፤ ከ9 እስከ 15 ያሉት ደግሞ ተቀባብለውና ሮጠው ትራይ የሚያገቡ ኋለኞች። በእግር ኳስ የግራ ተመላላሹ ቢጎዳ አሰልጣኙ አማካዩን ወደ መስመር አውጥቶ ጨዋታውን ይጨርሳል፤ በረኛ ቢጠፋ እንኳ አንዱ ጓንት ያጠልቃል። በራግቢም በክንፍ የሚሮጠውን ልጅ በመሐል ሜዳ ተጫዋች ተክቶ አንድ ቅዳሜን መወጣት አያዳግትም። በዚህ ዘዴ የማይሸፈኑት ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ የፊት ረድፍ የሚባሉት ሁለቱ ፕሮፖችና በመካከላቸው የሚቆመው ሁከር። የአንድ ወጣት ክለብ ስብስብ ጥልቀት አለው ወይስ ሳስቷል የሚለው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው በቅድሚያ ከእነዚህ ቦታዎች ነው።

ምክንያቱ ስክረም ነው። ቀላል ጥፋት ተፈጽሞ ጨዋታው ሲቆም፣ ስምንት ለስምንት ተቃቅፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጭንቅላታቸውን አጠላልፈው ይጋፋሉ፤ ኳሷም በመካከላቸው ትገባለች። 3 ቁጥር የለበሰው ፕሮፕ ጭንቅላቱ በሁለት ባላጋራዎች መካከል ስለሚገባ ግፊቱን በሁለቱም ትከሻው ይሸከማል። የ1 ቁጥሩ ግን ግራ ጎኑ ክፍት ነው፤ ፊት ለፊት የሚገጥመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ፕሮፕ ይባሉ እንጂ የእግር አቋቋማቸውም ሆነ የአንገትና የጀርባ አያያዛቸው ለየቅል ነው። በአንዱ ጎን የተካነ ልጅ በሌላው ጎን ጀማሪ ሆኖ ይገኛል። ስክረም በተደረመሰ ጊዜ ደግሞ አደጋ ላይ የሚወድቀው አንገትና ኅብለ ሰረሰር ነው። ያልለመደን ሰው እዚያ ማቆም ድፍረት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው።

የጨዋታው ዓለም አቀፍ ሕግ ይህን በቁጥር አስሮታል። ቡድኑ ለዕለቱ ያስመዘገበው 15 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለፊት ረድፍ የሠለጠኑ 3 ሰዎች ያስፈልጉታል። ከ16 እስከ 18 ካስመዘገበ 4፣ ከ19 እስከ 22 ከሆነ 5፣ 23 ከሆነ ደግሞ 6 ሊኖሩት ይገባል። ብቁ ሰው ከጠፋ ዳኛው ግፊያ የሌለበት ስክረም ያዝዛል፤ ተጫዋቾቹ ተቃቅፈው ይቆማሉ እንጂ አይገፉም፤ ኳሱን ያስገባው ቡድን መልሶ ይወስደዋል። ያኔ ጠንካራ ስክረም ያለው ተጋጣሚ ሳምንቱን ሙሉ የተዘጋጀበትን ብልጫ በአንድ ፊሽካ ያጣል። ሆን ብሎ የሰው እጥረትን መሸሸጊያ የሚያደርግ ቡድን እንዳይኖር ነው አንዳንድ ውድድሮች ለዚህ ምክንያት የሆነውን ወገን የሚቀጡት።

ይህ ስሌት ወለል ብሎ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ የአውስትራሊያዋ ሲድኒ ናት። የከተማዋ ታላቅ የክለቦች ውድድር ሹት ሺልድ ይባላል፤ ጋሻው ከ1923 ጀምሮ የሚሰጥ ነው። ስያሜው የሮበርት ሹት መታሰቢያ ነው። ሹት የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የፊት ረድፍ ተጫዋች ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በሕይወት ተመልሶ፣ በ1922 በማንሊ ሜዳ ከተደረገ ጨዋታ በኋላ በ23 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ራንድዊክ፣ ማንሊ፣ ኢስትዉድ፣ ጎርደንና ሌሎችም በውድድሩ ይሳተፋሉ። አንድ ክለብ የሚያሰልፈው አንድ ቡድን ብቻ አይደለም። ከዋናው እስከ አራተኛው የሚደርሱ አራት የአዋቂ ቡድኖች አሉት፤ ከእነሱ በታች ደግሞ ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የሚጫወቱባቸው ሦስት የኮልት ቡድኖች ይገኛሉ። የክለቦች አጠቃላይ ደረጃ የሚሰላው የእነዚህን ሁሉ ነጥብ ደምሮ ስለሆነ፣ የሦስተኛው ኮልት ሽንፈት የሦስተኛው ኮልት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የኮልቶቹን ብቻ እናስላ ቢባል፣ ሦስቱ ቡድኖች 45 ቋሚ ተሰላፊ ይፈልጋሉ፤ ከእነዚህ ዘጠኙ የፊት ረድፍ ናቸው። እያንዳንዱ ቡድን 22 ሰው ይያዝ ከተባለ ድምሩ 66 ይደርሳል፤ በሕጉ መሠረት ከመካከላቸው 15ቱ ለፊት ረድፍ የሠለጠኑ መሆን አለባቸው። በቅድመ ውድድር ምዝገባ 100 ወጣት ቢመጣ ሥራ አስፈጻሚው ደስ ይለዋል። አሰልጣኙ ግን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያይና ሰባት ፕሮፕና ሦስት ሁከር ብቻ ቆጥሮ ዝም ይላል። ከመቶዎቹ ሠላሳው 10 ቁጥር ወይም 15 ቁጥር መጫወት የሚፈልጉ ፈጣን ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ያ ክለብ በሰው ብዛት ሀብታም ነው፤ በጥልቀት ግን ድሃ ነው፤ ሦስተኛውን ቡድን በሕጉ መሠረት ማሰለፍ እንኳ ይቸግረዋል።

ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ ክፍተት ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ነው። ሐሙስ ማታ ልምምድ ላይ የዋናው ቡድን 3 ቁጥር የባት ጡንቻው ቢሸማቀቅ፣ የሁለተኛው ቡድን ፕሮፕ ወደ ላይ ይጠራል፤ የሦስተኛው በእሱ ቦታ ይገባል፤ የአራተኛውም እንዲሁ። በመጨረሻ ከአንደኛው ኮልት አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከአዋቂዎች ጋር እንዲጋፋ ይታዘዛል። ቅዳሜ ጠዋት ሰው የሚጎድለው ታች ያለው የኮልት ቡድን ነው፤ ስለ ባት ጡንቻው ጉዳት ምንም ያልሰማው ቡድን። በታችኛው ቡድን የተጫወተ ልጅ በዚያው ዕለት ለላይኛው ተጠባባቂ ሆኖ መቀመጡም በሲድኒ የተለመደ ነው፤ ክፍተት ለመድፈን ይረዳል፤ ነገር ግን ደክሞ የሚገባ ፕሮፕ ለጉዳት ቅርብ ነው።

ወጣቶቹ ወደ ክለብ የሚመጡት በአብዛኛው ትምህርት ቤት ሲጨርሱ ነው። የአውስትራሊያ የትምህርት ዓመት በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል፤ የክለቦቹ ዝግጅትም በዚያው ሰሞን ይጀምራል፤ የነጥብ ጨዋታው ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል ላይ ይከፈታል። ዝግጅቱ በበጋው ሙቀት መካከል ስለሚውል ልምምዱ አመሻሽ ላይ ይሆናል።

ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዱ ብሮንኮ የሚባለው ሩጫ ነው። ተጫዋቹ 20 ሜትር ሄዶ ይመለሳል፤ ከዚያ 40 ሜትር፤ ከዚያ 60 ሜትር ደርሶ ይመለሳል። ይህ አንድ ዙር 240 ሜትር ነው፤ ያለ ዕረፍት አምስቴ ሲደጋገም 1200 ሜትር ይሆናል። የኒውዚላንዱ ቦደን ባሬት በ2020 በ4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ጨርሶታል። የኮልት ፕሮፕ ከዚህ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ በላይ ቢዘገይ የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። ስሕተቱ የሚጀምረው የሁሉም ሰዓት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ተለጥፎ ፕሮፖቹ ከግርጌ ሲሰለፉ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በዚያ ሠንጠረዥ ያፈረ ወፍራም ልጅ በሁለተኛው ላይመጣ ይችላል፤ ክለቡ ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነበር። የፕሮፕ ሰዓት የሚነጻጸረው ከሌላ ፕሮፕ ሰዓትና ከራሱ ያለፈ ወር ውጤት ጋር ነው።

ከሩጫው ቀጥሎ የሙከራ ጨዋታዎች ይመጣሉ። መጀመሪያ ክለቡ እርስ በርሱ ይጫወታል፤ ቀጥሎ ከሌላ ክለብ ጋር ነጥብ የሌለው ግጥሚያ ያደርጋል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ክፍል ይከፈላል፤ ቅያሪውም ገደብ የለውም። በራግቢ የቆየ ልማድ አለ፤ መመረጣቸው እርግጥ የሚመስሉትን በአንድ ወገን፣ ተስፋ ያላቸውን በሌላው ወገን አድርጎ ማጋጠም። ለተመልካች ያምራል፤ ለመራጭ ግን ደካማ ዘዴ ነው። ከጠንካራ ስምንት ኋላ የቆመ 9 ቁጥር ኳሱ ተመቻችቶ ስለሚደርሰው ጎበዝ ይመስላል። ወደ ኋላ እየተገፋ ካለ ስክረም ኳስ የሚያወጣው ተፎካካሪው ግን ምንም ቢችል ችሎታው አይታይም። የተሻለው መንገድ በየክፍሉ ሁለቱን ማቀያየር ነው።

ፕሮፕን መፈተን ከዚህም ይከብዳል። በሙከራ ጨዋታ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ኳስ ይዞ ሦስት ሰው ጥሶ የወጣውን ልጅ ነው። ፕሮፕ ያን ቢያደርግ ይጨበጨብለታል፤ ነገር ግን ለቦታው የሚያበቃው ሌላ ነው። ጥሩ መራጭ ከጎን መስመር ወርዶ በስክረሙ ትይዩ ይቆማል። የልጁ ዳሌ ከትከሻው በላይ ከፍ ብሎ እንደሆነ ያያል፤ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል ወይስ ጎብጧል? ክርኑ ወደ መሬት ወርዶ እንደሆነ፣ በአሥረኛው ደቂቃ የያዘውን አቋም በመጨረሻው ክፍልም ይዞት እንደሆነ ያስተውላል። አዲሱ ልጅ ከሌላ አዲስ ልጅ ጋር ቢጋፋ የማንኛቸውም ልክ አይታወቅም፤ አቅሙ ከሚታወቅ የክለቡ ነባር ፕሮፕ ጋር ሊገጥም ይገባል። 22 ሰው በሚይዝ ቡድን ውስጥ ያለው አምስተኛ ሰው በሁለቱም ጎን ተጠባባቂ ስለሚሆን፣ ከ1 ወደ 3 ቁጥር ተዛውሮ መሞከሩም የግድ ነው።

እጥረቱ ከታወቀ የሚቀረው መፍትሔ ከሌላ ቦታ ሰው መቀየር ነው። አንገቱ ወፍራም፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ለ6 ወይም ለ7 ቁጥር ፍጥነቱ ጥቂት ያነሰው ልጅ ሁከር ሊሆን ይችላል። ግን ሁከር ስክረም ውስጥ ኳስ በእግሩ ከመሳቡ ሌላ፣ ኳስ ከሜዳ በወጣ ቁጥር በላይንአውት ላይ መልሶ የሚወረውረው እሱ ነው። ያ ውርወራ በአየር ላይ ለተነሣ ሰው እጅ በትክክል መድረስ አለበት፤ የወራት ሥራ ነው። ቅየራው በኖቬምበር ከተጀመረ ልጁ በግፊያ ማሽን ላይ፣ ቀጥሎም ከአንድ ሰው ጋር፣ ከዚያ ከሦስት ጋር እየለመደ ለውድድር ይደርሳል። ማርች ላይ፣ ሰው ሲጠፋ በጥድፊያ የሚደረግ ቅየራ ግን ቅየራ ሊባል አይገባውም።

ጥልቀት ለማግኘት ርካሹ መንገድ ያለውን ሰው አለማጣት ነው። የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር ከባዝ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያዘጋጀው አክቲቬት የተባለ የማሟሟቂያ ፕሮግራም በትምህርት ቤት ተጫዋቾች ላይ ተጠንቶ ውጤቱ በ2017 ታትሟል። በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ በሠሩት ቡድኖች የጨዋታ ጉዳት በ72 በመቶ፣ የአንጎል መናወጥ ደግሞ በ59 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሚዛን መጠበቅ፣ አዘላለልና አስተራረፍ፣ የአንገት ማጠንከሪያ፤ ይኸው ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

የአንጎል መናወጥ በተለይ የቡድን ዝርዝርን ያናጋል። በአውስትራሊያ የማኅበረሰብ ራግቢ ዳኛው ምልክቱን ካየ ሰማያዊ ካርድ ያሳያል፤ ልጁ ወጥቶ አይመለስም። በ2024 የወጣው የአገሪቱ ስፖርት ተቋም መመሪያ ወደ ውድድር ለመመለስ ቢያንስ 21 ቀን፣ ንክኪ ያለበትን ልምምድ ለመጀመርም ምልክት የሌለበት 14 ቀን ይጠይቃል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ ፕሮፕ ቢያንስ ሁለት ቅዳሜ አይሰለፍም። ይህን በዕቅዱ ያላስገባ አሰልጣኝ ወጌሻውን መለመን ይጀምራል፤ ልመናው ደግሞ ለልጁም ለክለቡም የማይበጅ ነው።

ዕድሜያቸው አነስ ባሉት፣ ከ12 እስከ 16 ባሉት ቡድኖች፣ የምርጫው ወጥመድ ሌላ ነው። በአውስትራሊያ የዕድሜ ክልል የሚቆጠረው ከጃንዩወሪ 1 በመሆኑ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደ ልጅ በመጨረሻ ከተወለደው እኩያው በአንድ ዓመት ሊጠጋ ይበልጠዋል። ወንዶች ልጆች በአማካይ 14 ዓመት ገደማ በፍጥነት ስለሚመዘዙ፣ ቀድሞ ያደገው በሙከራው ዕለት ሁሉን ጥሎ ያልፋል። ችሎታ የተባለው ነገር በብዙ ልጆች ላይ ቀድሞ ማደግ ብቻ ነው። በ13 ዓመቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ፕሮፕ የተደረገ ልጅ በ17 ዓመቱ እኩዮቹ ሲደርሱበት ቦታ ያጣል፤ ያኔ ትንሽ ተብሎ የተባረረውን ልጅ ደግሞ ማንም አያውቀውም። ስለዚህ በእነዚህ ዕድሜዎች ልጆችን በየቦታው እያዘዋወሩ ማጫወትና ከዝርዝር መሰረዝን ማዘግየት ክለቡን ኋላ ላይ ይጠቅመዋል።

ቡድኖቹ ከተለዩ በኋላ ቦታ ያላገኘ ኮልት ወደ ሲድኒ የሰፈር ክለቦች ውድድር ሊሄድ ይችላል። እዚያም የወጣቶች ቡድን አለ፤ በየሳምንቱ ሙሉ ጨዋታ የሚጫወት ልጅ በትልቅ ክለብ ወንበር ላይ ከሚያረጀው የተሻለ ይማራል። ለፊት ረድፍ ተጫዋች ግን አሰልጣኞች ሌላ ስሌት ያደርጋሉ፤ ሦስተኛው ኮልት ውስጥ ቢሆንም ያስቀሩታል። ለፍጻሜ ጨዋታዎች የሚሰለፍ ሰው በውድድሩ ወራት የተወሰነ ቁጥር ጨዋታ ለዚያ ክለብ ተጫውቶ መገኘት አለበት፤ ኦገስት ላይ ፕሮፕ የጎደለው ክለብ ከውጭ አምጥቶ ሊያሰልፍ አይችልም። የሚያሰልፈው ማርች ላይ ዝርዝሩ ውስጥ ያስቀረውን ነው።