ከመሸጣችን በፊት ለጓዳችን እናስቀር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
ክቡራን የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣



እንደሚታወቀው እኛ የልማት ሠራተኞች ወደ እናንተ ስንመጣ የምናነሣው ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ገበያ ነው። ዛሬ ግን ምርቱ ጎተራ ከገባ በኋላ ስላለው ጉዳይ፣ ማለትም ስለ ገበታችንና ስለ ጤናችን ጥቂት እላለሁ።

በሬ ገለባ በልቶ ማረስ የቻለው በጨጓራው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ስላሉ ነው። ገለባውን አብላልተው ጉልበት የሚያደርጉለት እነርሱ ናቸው። መኖው በድንገት ወደ እህል ከተለወጠ ሥራቸው ይዛባል፤ የከብቱም ሆድ ይነፋል። የሰውም ትልቁ አንጀት እንዲሁ የብዙ ትሪሊዮን ተሕዋስያን መኖሪያ ነው። ቀለባቸው እኛ ራሳችን መፍጨት የማንችለው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው ነው። ይህን ሲያብላሉ ቡቲሬት የተባለ ንጥረ ነገር ያወጣሉ፤ እርሱም የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፣ መቆጣትንም ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የገጠር ደቡብ አፍሪካውያን ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋውጠው ነበር። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትን የገጠር ምግብ ሲበሉ በአንጀታቸው ቡቲሬት ጨመረ፤ የአንጀት ካንሰር ስጋትን የሚያመለክቱ ለውጦችም ቀነሱ። ሥጋና ቅባት የበዛበትን ምግብ በበሉት የገጠር ሰዎች ላይ ግን ተቃራኒው ታየ። ሁለት ሳምንት ወደፊት ማን እንደሚታመም አያሳይም፤ አንጀት ለቀለቡ ምን ያህል ፈጥኖ መልስ እንደሚሰጥ ግን ያሳያል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ከቡይት ራስ አፋፍ እስከ ዳባት ማሳ ድረስ ገብስና ባቄላ አለን። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር ስላለው ከምግብ በኋላ የደም ስኳር በፍጥነት እንዳያሻቅብ ይረዳል፤ ኮሌስትሮልንም ይቀንሳል። ስጋቱ ይህን ሁሉ ጠራርገን ሸጠን፣ በገንዘቡ ፉርኖ ዱቄት፣ ፓስታና ስኳር ይዘን ስንመለስ ነው። አትሽጡ ማለቴ አይደለም፤ ዩኒየናችን የተቋቋመው ለገበያ ጭምር ነው። የብቅል ገብሱ ለፋብሪካ ይሂድ፤ የቤት ገብሱ ግን ለቤት ይቅር።

በመሆኑም፦

አንደኛ፣ ምርት ከማስረከባችን በፊት ባልና ሚስት ተመካክረን የዓመቱን ቀለብ እንለይ።

ሁለተኛ፣ ለልጆቻችን ከብስኩት ይልቅ በሶው፣ ቆሎውና የባቄላ ንፍሮው ይቅደም። ፉርኖ ከገዛንም የገብስ ዱቄት እንደባልቅበት። ጥራጥሬ ያልለመደ ሰው ሆዱ እንዳይነፋ ቀስ በቀስ ይጀምር።

ሦስተኛ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አንዋጥ፤ ጠቃሚዎቹንም ተሕዋስያን ይገድላልና። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበትም መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ምግብ መድኃኒትን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ክቡራን አመራሮችም የዓመቱን ሥራ ስንገመግም ለገበያ የቀረበውን ኩንታል ብቻ ሳይሆን በየቤቱ የቀረውንም እንድንጠይቅ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ጎተራችሁም ጓዳችሁም የሞላ ይሁን።