የእናት ዛፎች መዝገብ

በዕፅዋትና በተፈጥሮ ሀብት ሙያ ለተመረቃችሁት ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዛፍ ነው፤ ስለ ኮሶ። ኮሶ ከጽጌረዳ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቀጋው፣ እንጆሪው፣ ኮኩ፣ አፕሉና ጥቁር እንጨቱም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ ዐሻራ ስንት ችግኝ እንደተተከለ በየክረምቱ ይነገረናል። ችግኙ ከስንት እናት ዛፍ እንደመጣ ግን የሚጠይቅ ብዙም የለም። ለኮሶ ዕጣ ግን ከችግኙ ቁጥር ይልቅ የእናት ዛፎቹ ቁጥር ይወስናል፤ ይህን ቁጥር ሊያውቅ የሚችለውም ወረዳ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ነው።

ማስረጃው አለ። ታዬ በቀለ አየለ በጀርመን አገር ጎቲንገን ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከ22 የኢትዮጵያ ቦታዎች የመጡ ኮሶዎችን መርምሯል። መጀመሪያ ያዩት በክሎሮፕላስት ውስጥ ያለውን ዘረመል ነው። ይህ ክፍል እንደ አብዛኞቹ አበባ አፍሪ ዕፅዋት ከእናት በኩል ስለሚወረስ፣ ብናኙን ትቶ ዘሩ የተጓዘበትን መንገድ ያሳያል። የአንድ አካባቢ ኮሶዎች በአመዛኙ አንድ የእናት መስመር ይዘው ሲገኙ፣ የሌላው አካባቢ ዛፎች ሌላ ይዘው ተገኙ። ዘሩ ትንሽና ነፋስ የሚወስደው ቢሆንም ከእናቱ እምብዛም አይርቅም ማለት ነው። የበረዶው ዘመን ካለፈ በኋላ ዛፉ ደጋውን መልሶ የያዘው ከጥቂት መሸሸጊያዎች ተነሥቶ፣ ቀስ በቀስ ነበር። በሌላ ጥናት የኒውክሊየሱን ዘረመል በሌላ ዘዴ ሲያዩት ግን ሥዕሉ ተለወጠ። አብዛኛው ልዩነት በአካባቢና በአካባቢ መካከል ሳይሆን በአንድ ቦታ አብረው በቆሙ ዛፎች መካከል ተገኘ፤ ብናኙ በነፋስ ርቆ ስለሚሄድ።

ሁለቱ ውጤቶች አይጣረሱም፤ ጎን ለጎን ሲነበቡ ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ቀጥተኛ መመሪያ ይሆናሉ። ሀብቱ በየዛፉ ተበታትኖ ያለ ከሆነ፣ ከአንድ ዛፍ ብቻ ዘር የለቀመ ሰው አብዛኛውን ውርስ ጥሎ ሄዷል። ኮሶ ደግሞ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ ዘር የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። በየእርሻው ዳርና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻዋን የቀረች ሴቴ ኮሶ በአቅራቢያዋ ያለው አንድ ወንዴ ከሆነ፣ ከእርሷ የሚፈላ ሺህ ችግኝ በአመዛኙ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጅ ነው። እነዚህን በአንድ ተዳፋት ብንተክል ወደፊት እርስ በርሳቸው ይዳቀላሉ፤ በዘመዳሞች መዳቀል የሚመጣው ድክመት የሚታየውም ተካዩ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ለኮሶ ትል መድኃኒትነት የሚፈለገው የሴቴዋ አበባ ነው፤ ዘሩ ሳይደርስ ዘለላው ይቆረጣል። ስለዚህ በደህና ጊዜም ቢሆን ዘር የሚሰጡት እናቶች ከምናያቸው ዛፎች በጣም ያነሱ ናቸው።

የአፕል ገበሬ ይህን ያህል አይጨነቅም፤ ምክንያትም አለው። የአንድ ዓይነት አፕል ዛፎች ሁሉ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ የተባዙ የአንድ ዛፍ ቅጂዎች ናቸው፤ በሽታ ሲመጣ ግን አዳቃዮች የሚመለሱበት አላቸው፤ በማዕከላዊ እስያ በቲያን ሻን ተራሮች የሚበቅለው የዱር አፕል። የአፕል ሙሉ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2010፣ የኮክ በ2013፣ የጽጌረዳ በ2018 ታትሟል፤ ገበያ ያለው ተክል ተመራማሪ አያጣም። ኮሶ ግን በወገኑ ውስጥ ያለው አንድ ዝርያ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ማላዊ በአፍሪካ ተራሮች ላይ ይገኛል፤ ከዚያ ውጭ የሚመለሱበት የዱር ዘመድ የለውም። ያለው ልዩነት በቆሙት ዛፎች ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። አንደኛው፣ ለኮሶ ትል ዛሬ ክኒን አለ፣ ታዲያ ዛፉ ምን ያደርግልናል የሚል ነው። ክኒኑ የተሻለ ነው፤ የኮሶ መጠን ሲበዛ ዓይንን እንደሚጎዳና ለነፍሰ ጡር አደገኛ እንደሆነ ይታወቃል። ዛፉ ግን ከመድኃኒትነቱ በፊት የደጋ ደን አካል ነው፤ አፈር ይይዛል፣ ቅጠሉ መሬት ያዳብራል፣ እንጨቱ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል። ሁለተኛው የገበሬው ነው፦ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ብር ይሆናል፣ ኮሶ መቼ ይደርሳል? እውነቱን ነው፤ ማንም ባሕር ዛፉን ነቅሎ ኮሶ እንዲተክል መጠየቅ የለበትም። ለኮሶ የሚበቃው የቦረቦር ዳር፣ የወል ተራራና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፦ አብዛኛው ልዩነት በአንድ ቦታ ውስጥ ካለ ዘሩ ከባሌ ቢመጣ ምን ይጎዳል? እዚህ ላይ መለኪያውን ማስተዋል ያስፈልጋል። በእነዚያ ጥናቶች የታዩት የዘረመል ምልክቶች ዝምድናን ያሳያሉ እንጂ የጮቄ ተራራን ውርጭ የመቋቋም ችሎታን አይለኩም። ልዩነት አላሳዩም ማለት ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የባሌውና የጮቄው ችግኝ ጎን ለጎን ተተክሎ ለዓመታት እስኪታይ ድረስ የአካባቢን ዘር ማስቀደም ከስሕተት ይጠብቃል፤ ስሕተቱ ከተፈጸመ በኋላ ግን የተቀላቀለ ዘር አይለይም።

ለዚህ ሥራ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ደብተር ይበቃል። የተለመደው የደን ዘር አሰባሰብ ምክር ከ15 ያላነሱ፣ ቢቻል 30 እናት ዛፎች፣ ተራርቀው የቆሙ፣ እንዲመረጡ ነው። ስለዚህ ወደ አዋበልም ይሁን በጮቄ ተዳፋት ወዳሉት ወረዳዎች የምትመደቡ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ዓመታችሁ የቀበሌያችሁን ሴቴ ኮሶዎች መዝግቡ፦ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ በአቅራቢያው ያለውን ወንዴ፣ አበባው የሚቆረጥ መሆን አለመሆኑን። መዝገቡን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለችግኝ ጣቢያው ስጡ፤ በሚቀጥለው ክረምት ስንት ችግኝ ተተከለ ተብላችሁ ስትጠየቁም ከስንት እናት እንደመጣ ጨምራችሁ መልሱ።