መዝገብ ለፍርድ ይቆያል
(በጉለሌ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው ልዩ ዓቃቤ ሕግ የደርግን ባለሥልጣኖች ሲከስ፣ ከምስክሮች ቃል ሌላ ትልቅ ማስረጃ የሆነው ደርግ ራሱ ፈርሞ የተወው ወረቀት ነበር። የጥፋተኝነቱም ፍርድ በ1999 ተሰጠ።

ዛሬ በጉለሌም ቢሆን የባለጉዳይ ፋይል ከመደርደሪያ ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ነው። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ በሕግ ፊት ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን መዝገብ አይጠብቅም።

ስለዚህ ማን እንደ ጻፈው፣ ማንና መቼ እንደ ለወጠው አብሮ ይመዝገብ፤ ቅጂው በሌላ ሥፍራ ይቀመጥ፤ ክርክር የተነሣበት ፋይል ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ አይሰረዝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ይህን ሥራ ዳኛ ሳይጠይቀው በፊት ይማር። ይዞታዋን የተነጠቀች መበለት ችሎት ስትቆም ፋይሉ ከጠፋ፣ እውነቷን በምን ታስረዳለች?