የአያቶቻችንን ስም ከወዴት እናገኛለን?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሰንበቴ፣ ከከሚሴ ወይም ከባቲ የመጣ ተማሪ «የማን ልጅ ነህ?» ቢባል አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ አንዳንዱም እስከ ሰባተኛው ድረስ ሳያቋርጥ ይቈጥራል። «የእነዚህስ ሰዎች ሚስቶች ማን ማን ይባሉ ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ከሁለተኛው ላይ ይቆማል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጉድለት ነው። ጉድለቱን ለመሙላት መዝገብና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በኢንተርኔት የሚገኘው ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚረዳን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የልደት መዝገብን ተስፋ የሚያደርግ ሰው አይድከም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በሰፊው ቢደነግግም፣ ይኸው ክፍል በሥራ ላይ ሳይውል ብዙ ዘመን ቆይቷል። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የአያቶቻችን ልደት እንግዲህ በዚያ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ችግር የቦታ ስም ነው። ሰንበቴ ዛሬ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በጂሌ ጥሙጋ ወረዳ ትገኛለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግን ጥሙጋ ከይፋት ጋር ተጣምሮ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ነበር፤ ከሚሴ ደግሞ ወደ ወሎ ይቈጠር ነበር። ስለዚህ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት የቆየ ደብዳቤ የሚፈልግ ተማሪ «ወሎ» የሚለውን ብቻ ቢያገላብጥ የገዛ አገሩን ሳያይ ያልፋል። «ይፋትና ጥሙጋ» ብሎ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሴቶቹ የሚገኙት የት ነው? እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው የቃዲ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 የቃዲና የናይብ ምክር ቤቶች ሥልጣን ተደንግጓል። በሸሪዓ ሴት ልጅ፣ ሚስትና እናት ድርሻ ስላላቸው፣ ውርስ ሲከፈል ስማቸው የግድ መነሣት አለበት። ሽማግሌው ዘር ሲቈጥር የዘለላትን ሴት ልጅ ቃዲው ሊዘላት አይችልም። በቤት ውስጥ የተቀመጠ የውርስ ፍርድ ግልባጭ ካለ እንደ ተራ ወረቀት አትዩት። በክልላችን የሚሰጠው የገጠር መሬት ይዞታ ደብተርም የባልንና የሚስትን ስም አብሮ ይይዛል፤ ነገር ግን ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት ገደማ ስለ ሆነ ወደ ኋላ ብዙ አይወስደንም።

በየቤቱ ያሉት ኪታቦችም አሉ። በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ልጅ የተወለደበት ቀን በሒጅራ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ይህን ከእኛ አቈጣጠር ጋር ሲያገናዝቡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የሒጅራው ዓመት በዐሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያጥር ዝም ብሎ አንድን ቍጥር መቀነስ አይበቃም። ለምሳሌ 1400 ሒጅራ የጀመረው በኅዳር 1972 ዓ.ም. ነው።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። ስለ ወሎ እስልምናና ስለ ሼኾቹ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድን ሥራ እዚያ ይጠይቅ። በመጽሐፉ ውስጥ አያቱን አያገኝም፤ አያቱ የተማረበትን ዓለም ግን ያገኛል።

ስለ ኢንተርኔት አጠር አድርጌ ልናገር። በሚኔሶታ የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በነፃ ያሳያል፤ አብዛኞቹ ግን የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ናቸው። የውጭ አገር የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁት የቤተሰብ ስም ነው። እኛ የአባታችንን ስም በዚያ ቦታ ስንሞላ አያት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ሆነው ቁጭ ይላሉ! መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍም ሁላችሁ ታውቃላችሁ።

ነገሩ ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ብዙ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ለሠፈራ ተወስዷል። ወንድም ከወንድም፣ እኅት ከእኅት ተለያይቶ የቀረበት ቤት ዛሬም አለ። እኅቷ የማን እናት እንደ ሆነች የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ልጆቿ በአንድ ክፍል ከእኛ ጋር ተቀምጠው ቢማሩ እንኳ አናውቃቸውም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ደግሞ መኖሪያ ቤትና መሥሪያ ቤት ተቃጥሏል። ወረቀት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የእናት ስም፣ ቀጥሎ የእናት እናት፣ ከዚያም የተወለደችበት መንደር በጥንቱም በአሁኑም ስሙ ይጻፍ። የአባት ወገን ከታች ይሁን፤ እሱን በቃላችን እናውቀዋለን። ተናጋሪው ማን እንደ ሆነና በየትኛው ቀን እንደ ተናገረ ይመዝገብ፤ ሁለት አዛውንቶች ሳይስማሙ ሲቀሩ ሁለቱም ቃል ይጻፍ እንጂ አንደኛው አይሠረዝ። የሰንበቴ ልጆች ለዚህ ሥራ እሑድን ይምረጡ፤ በገበያው ቀን ከቆላውም ከደጋውም የማይመጣ አዛውንት የለምና። ወረቀቱንና ቀለሙን ማኅበሩ ቢችል ለክረምት ዕረፍት ከመበተናችን በፊት ቅጹ ሊደርስልን ይችላል።