ከየኔታ እስከ «ኦ» ክፍል

የራዲዮው ወግ ከደሴ አለፍ ብሎ ቦሩ ሜዳ አረፈ። አቅራቢው የ1870 ዓ.ም.ን የሃይማኖት ጉባኤ ሊያነሳ ሲል ባልደረባው ወደ ሕፃናት ትምህርት መለሰችው።

«መዋለ ሕፃናት ሳይታሰብ የኔታ በፊደል ገበታ፣ ሼሁ በእንጨት ሎህ ያስተምሩ ነበር።»

«ልክ ነሽ። ግን ሀሁን እንደ ውኃ የሚያንበለብል ልጅ፣ ከመሃል ‹ቀ›ን ነጥለሽ ስታሳዪው ዝም ይላል!»

በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው «ኦ» ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቷል። ባልደረባውን የሚቆጫት ግን የልጆች መጽሐፍ ነገር ነው።

«አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። እዚህስ አህያ ጠፍቶ ነው?»

«አብሽሪ፣ አህያውስ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚጫነው መጽሐፍ ነው እንጂ» አለ እየሳቀ።