በቤት የምንሠራበት የእንጨት ቶርኖ ሲንቀጠቀጥ ምን እናድርግ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲነበብ ተለጠፈ።)



ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ዝናብና ጭቃ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መዋጮ አይደለም፣ አትስጉ። ስለ እንጨት ቶርኖ ነው።

እንደሚታወቀው በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዮ በየግቢው እንጨት እየሠራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አለ። የበርጩማ እግር፣ የአልጋ እግር፣ የረከቦት እግር፣ ዘነዘና ይሠራል። ቀድሞ በመጥረቢያና በመሮ ብቻ ይደከምበት የነበረውን አሁን በትንሽ የኤሌክትሪክ ቶርኖ የሚሠሩ አሉ። ቶርኖ ማለት እንጨቱን በሁለት ጫፍ ይዞ የሚያዞር፣ ሠሪው መሮውን አስጠግቶ የሚቀርጽበት መኪና ነው። በየሠፈሩ ተበይዶ የሚሠራው ቶርኖ የአጠቃቀም መጽሐፍ የለውም። ስለዚህ ሲበላሽ አንዱ ይቀጠቅጠዋል፣ ሌላው ይሸጠዋል።

ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን በአንዲት እናት ቤት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ልጃቸው የበርጩማ እግር እየሠራ ነው ታናናሾቹን የሚያስተምረው። ቶርኖው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሮው እንጨቱን መቅረጹን ትቶ ይቦጭቀው ጀመር። አንድ ቀን ጭራሽ እንጨቱ ተፈናጥሮ ወጥቶ ግድግዳውን መታው። ታናሽ እኅቱ እዚያው አጠገብ ቡና ትወቅጥ ነበር፣ እግዜር አተረፋት። እናቲቱም ደንግጠው «ልጆቼን ሳይጨርስብኝ ይሸጥልኝ» ብለው ቆራሌው እንዲጠራ አዘዙ። ቆራሌው ደግሞ የሚገዛው በብረት ዋጋ ነው። ምን ይደረግ? ማኅበሩ ሰዎች ልኮ ሄደን ተመለከትነው። የሠራነውን በቅደም ተከተል እንነግራችኋለን፣ ለሌላውም ይጠቅማልና።

አንደኛ፣ እንጨቱን አውርደን ቶርኖውን ባዶውን አስነሣነው። ባዶውን ጸጥ ካለ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው። እርጥብ ወይም መሐሉ በትክክል ያልተያዘ እንጨት አንድ ወገኑ ይከብድና መኪናውን ያናውጠዋል። የዚህ ቤት ቶርኖ ግን ባዶውንም ተንቀጠቀጠ።

ሁለተኛ፣ ሶኬቱን ነቅለን ቺንጋውን አወለቅንና ሞተሩን ብቻውን አስነሣነው። ሞተሩ ብቻውን ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ በሞተሩ ወይም በራሱ ፑሊ ላይ ነው። ጸጥ ካለ ግን ጥፋቱ ከቺንጋው ወዲህ፣ ወደ ዘንጉ በኩል ነው። ይሄኛው ጸጥ አለ። ስለዚህ ሞተር ግዙ ተብለው የነበሩት እናት ከትልቁ ወጪ እዚሁ ላይ ዳኑ።

ሦስተኛ፣ እንደገና ሶኬቱን ነቅለን ዘንጉን በእጅ አዞርነው። ደህና ኩሽኔታ ሳያጉረመርም ይዞራል። አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ ካንኮሻኮሸ፣ ወይም ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ስንነቀንቀው ከተጫወተ፣ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ከሁለቱ ኩሽኔታዎች በበረንዳው ጫፍ በኩል ያለው ዝጎ ተገኘ። የእኛ አገር ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ነው። መኪናው ጣራ ሥር ቢሆንም ፍንጣቂው ይደርሰዋል። የረጠበ ሰጋቱራ ከላዩ ሲከመርበት ደግሞ ዝገቱ ይብሳል። ሌላም አገኘን፤ የዘንጉ ፑሊ ማጥበቂያ ብሎን ላልቶ ነበር።

አራተኛ፣ ኩሽኔታ ስለ መግዛት። ገበያ ሄዶ «እንዲህ ያለ» እያሉ በእጅ ማሳየት አያስፈልግም። በጎኑ ላይ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 6204 ቢል የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች 04 ናቸው፤ 4 በ5 ሲባዛ 20 ይሆናል። የዘንጉ ማስገቢያ ቀዳዳ 20 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የውጪው ስፋት 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። 6205 ከሆነ ቀዳዳው 25 ነው። በሰጋቱራ መካከል ለሚሠራ መኪና በሁለቱም በኩል በጎማ የተሸፈነውን መምረጥ ይሻላል። እሱ ግራሶውን ይዞ ስለሚመጣ ተጨማሪ አይፈልግም። ዘንጉ ላይ ሲገባ በመዶሻ ራሱን መምታት ክልክል ነው! የውስጡን ቀለበት ብቻ የሚነካ ቧንቧ ይደረግና በቧንቧው ላይ ቀስ ተብሎ ይመታል። የውጪው ቀለበት ከተመታ አዲሱ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ይበላሻል።

አምስተኛ፣ ሁለቱን ፑሊዎች በተወጠረ ሲባጎ አስተካከልናቸው። ሲባጎው የሁለቱንም ፊት እኩል መንካት አለበት። ካልሆነ ቺንጋው ጎን ለጎን እየተፋተገ ይበላል። ቺንጋው መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢል ይበቃዋል። ከልክ በላይ ማጥበቅ ኩሽኔታውን ይገድለዋል።

ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ፈጀ። የተገዛው አንድ ኩሽኔታ ብቻ ነው። ቶርኖው ዛሬም ይሠራል፣ ቦታው ግን ከበረንዳው ወደ ውስጥ ተዛውሯል።

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር እንበል። የቤት ሞተር ብዙ ጊዜ በደቂቃ ወደ 1400 ጊዜ ይዞራል። የሞተሩ ፑሊ 10፣ የዘንጉ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እንጨቱ እጥፉን፣ 2800 ጊዜ ይዞራል። ይህ ለቀጭን እግር እንጂ ለወፍራም ግንድ አይሆንም። ወፍራም እንጨት በዝግታ ነው የሚጀመረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ሞተሩ እያጉረመረመ አልነሣ ካለ ግን እጃችሁን አታስገቡ። ኮንደንሰሩ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው።

በተረፈ የሚከተለውን አደራ እንላለን። ቶርኖ ሲሠራ ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ አይቅረብ፤ ጓንትም አይደረግ፣ ይዞ ይጠመጥማልና። ዓይን በመነጽር ይሸፈን። ልጆች እንጨቱ ቢፈናጠር በሚሄድበት አቅጣጫ አይቀመጡ። ማታ ሰጋቱራው ይጠረግ፣ ባዶው ብረት በዘይት ጨርቅ ይታሽ።

በመጨረሻም ለውሳኔ የምናቀርበው ይህ ነው። ኩሽኔታ መንቀያ፣ የመፍቻ ስብስብ፣ ካቻቢቴና ሲባጎ በአንድ ሣጥን ሆኖ በማኅበሩ ቤት ይቀመጥ። በፊርማ ይወሰድ፣ በፊርማ ይመለስ። በቤቱ ትርፍ መሣሪያ ያለው ቢያበረክት ስሙ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ቶርኖው የሚንቀጠቀጥበት አባል ደግሞ ቆራሌውን ከመጥራቱ በፊት እኛን ይጥራ። ሰውም ሳይጎዳ፣ የቤቱም እንጀራ በኪሎ ሳይመዘን እንደርሳለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ