ሰባት ሜትር ከሃያ

የአርክቴክቸርና የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂዎች፤

የጋበዙኝ ሰዎች ስለ ተስፋና ስለ ጽናት እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። በዊልቸር የሚሄድ ሰው መድረክ ላይ ሲጠራ ርእሱ ሁልጊዜ ይኸው ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና ዛሬ የማወራው ስለ ደንብና ስለ ፊርማ ነው። ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ ሥራዬ መድረሴንና አለመድረሴን የሚወስነው ጽናቴ ሳይሆን ደንቡና ፊርማው ነው።

በ1973 በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኒክሰን አንድ የተሐድሶ ሕግ ፈረሙ፤ የውጭ አገር ነገር ሳነሣ በፈረንጆቹ ዘመን አቆጣጠር ነው። ከሕጉ መጨረሻ አካባቢ አንቀጽ 504 የተባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም ፕሮግራም ሰውን በአካል ጉዳቱ ብቻ እንዳያገልል ይከለክላል። ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም ከዚያ ገንዘብ ስለሚቋደስ ዓረፍተ ነገሩ የማይገባበት በር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሕጉ ወጣ፤ ግን ማስፈጸሚያ ደንቡን የሚፈርም ጠፋ። ረቂቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር አራት ዓመት ሊሞላው ሆነ። በ1977 ካርተር ሥልጣን ሲይዙ የጤና፣ የትምህርትና የደኅንነት ሚኒስትሩ ጆሴፍ ካሊፋኖ ደግሞ ጉዳዩን እንደገና ላጥናው አሉ። ይህቺን «ላጥናው» እኛም አገር ቢሮ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቃታል።

አካል ጉዳተኞቹ ኤፕሪል 5 ቀን በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኒስቴሩ ቢሮዎች ገብተው ተቀመጡ። ዋሽንግተን ላይ ምግብ ስለተከለከሉ በማግስቱ ወጡ። በሳን ፍራንሲስኮ ግን ወደ 150 የሚጠጉ ሰዎች ከሦስት ሳምንት በላይ ከሕንፃው ንቅንቅ አላሉም። ከመሪዎቹ አንዷ ጁዲ ሂውማን ነበረች፤ በሕፃንነቷ ፖሊዮ የያዛት፣ ዊልቸርሽ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል ተብላ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ሴት።

እነዚህ ሰዎች ሌሊት የሚያገላብጣቸው ረዳት፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። ሁሉን ትተው ነው የገቡት። መድኃኒት እንዳይበላሽባቸው አየር ማቀዝቀዣው ላይ ሣጥን በፕላስተር አጣብቀው ፍሪጅ አደረጉት። ስልኩ ሲቆረጥባቸው መስማት የተሳናቸው ጓዶቻቸው መስኮት ላይ ቆመው ከውጭ ካሉት ጋር በምልክት ቋንቋ ተነጋገሩ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከኦክላንድ፣ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዮቹ ብላክ ፓንተሮች ትኩስ ምግብ ያመላልሱላቸው ነበር፤ አባላቸው ብራድ ሎማክስ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ሆኖ ከተቀመጡት መካከል ነበረ።

የምክር ቤት አባላት እዚያው ሕንፃ ውስጥ ምስክርነት መስማት ጀመሩ። ከዋሽንግተን የተላከው ባለሥልጣን ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ግን እኩል አገልግሎት የማዘጋጀት ሐሳብ እንዳለ ተናገረ። ይህ እንግዲህ በዚሁ ሰበብ የጥቁር ልጆች ለብቻቸው ሲማሩ በኖሩበት አገር ነው። ሂውማን እንባ እየተናነቃት ስትናገር ሰውዬው በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። የምንለው የገባህ አይመስለኝም፣ እባክህ ራስህን መነቅነቁን ተወው አለችው። በየስብሰባው አንገቱን እየነቀነቀ የሸኘኝን ሰው ሳስታውስ ይህቺን ሴት እቀናባታለሁ።

ኤፕሪል 28 ቀን ካሊፋኖ ደንቡን ሳያለዝቡ ፈረሙ። በ1990 የወጣው ሰፊው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግም የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለን። ለእናንተ ሞያ ግን ይበልጥ የሚቀርበው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። አንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱ፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚቸግራቸውም ምቹ መግቢያ ይኑረው፤ መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ ብሎ ደነገገ። በ2001 የተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሕንፃ እንደበቀለ ይህን አዳራሽ ለቅቃችሁ ስትወጡ ቀና ብላችሁ እዩ።

ተቋራጩ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? መግቢያው ላይ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ደረጃዎች ይሠራል። ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር ነው። በተለመደው የ1 ለ 12 ስሌት (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) የዊልቸር መወጣጫው፣ ማለት ራምፑ፣ ሰባት ሜትር ከሃያ መርዘም አለበት። እሱ ከደረጃው ጎን የተረፈችውን ሁለት ሜትር በሲሚንቶ ሞልቶ ጉዳዩን ይዘጋል። ይሄ አይሱዙ ላይ በሬ መጫኛ እንጂ ራምፕ አይደለም። በእሱ ልውጣ ብል ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለብጠኛል።

ያን ጊዜ የጥበቃ ሠራተኞች ይሮጣሉ። «ጋሼ፣ አይዞዎት፣ እኛ ብድግ እናደርግዎታለን!» ልባቸው ንጹሕ ነው፤ እነሱን አላማም። ነገር ግን ከእነዊልቸሬ ሦስት ሰው ተሸክሞኝ፣ ከረባቴ ዞሮ፣ ፋይሌ መሬት ተበትኖ የምገባበት ስብሰባ ላይ እንደ ሌላው ሰው ልከራከር? የተሸከመኝን ሰው ደግሞ ስወርድም ደጅ መጥናት አለብኝ። ሻይ ሊጠጣ ከሄደ እጠብቀዋለሁ።

ደግነትና ሕግ እንዴት እንደሚለያዩ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቅድም ባነሣኋት ኦክላንድ በ1988 ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ሥር ካለው ቤተሰብ የተወለደች ሐበን ግርማ የምትባል ጠበቃ አለች። ማየትም መስማትም የተሳናት ናት፤ ሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት እንደሷ ያለ ሰው ሲያስመርቅ የመጀመሪያዋ ነበረች። ኮሌጅ ሳለች ካፍቴሪያው የምግብ ዝርዝሩን የሚለጥፈው በወረቀት ብቻ ስለነበር ምን እንዳለ ሳታውቅ ነበር የምትሰለፈው። በኢሜይል እንዲልኩላት ጠየቀች፤ አንዳንዴ ይልካሉ፣ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። እናቴ በስደት ስንቱን አይታ እኔ በምግብ ዝርዝር ላማርር ነው ብላ ዝም ብላ ከርማ ነበር። በኋላ ያንን የ1990 ሕግ ጠቅሳ እከሳለሁ አለች፤ ዝርዝሩም በየቀኑ መምጣት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ዓይነ ስውር ተማሪ ሲገባ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ለእሷ የተደረገው ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ከዜሮ ይጀምር ነበር።

በነገራችን ላይ እኛ አካል ጉዳተኞችም እርስ በርሳችን እንጋጫለን። ለእኔ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተቆርጦ ወደ አስፋልቱ ቢለሰልስ ደስታዬ ነው። ዓይነ ስውሩ ወዳጄ ግን መንገዱ የት እንደሚያልቅ በበትሩ የሚያውቀው በዚያው ጠርዝ ነበር። መፍትሔው እግርና በትር የሚለየው ጎርበጥባጣ ንጣፍ ነው፤ ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ የፈለሰፈው ሲሆን በ1967 ኦካያማ ከተማ ላይ ተነጠፈ። ዛሬ ቢጫው ንጣፍ ከተማችንም ደርሷል። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ የመብራት ምሰሶ ላይ ያላትማል። ንጣፉን የሠራው ሰው በበትር ከሚሄድ ሰው ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮ ቢሄድ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ዲዛይናችሁን ከማጽደቃችሁ በፊት እኛን ጥሩን፤ ሻይ አስጠጡን እንጂ የምናስከፍላችሁ ነገር የለም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዳንዶቻችሁ የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ትገባላችሁ፣ ሌሎቻችሁ የራሳችሁን ማኅተም ትይዛላችሁ። የሕንፃው ባለቤት መጥቶ «እኔ ዘንድ በዊልቸር የሚመጣ ደንበኛ የለም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ አራት ደረጃ አለበት። ሥዕሉን መልሱለትና ሰባት ሜትር ከሃያው የቱ ጋ እንዳለ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ቦታ የለም ካለ መግቢያውን ከመሬት እኩል አድርጎ ያምጣ፤ እንደውም ሲሚንቶ ይተርፈዋል።